ከጓዳ ወደ አደባባይ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወገኖቻችን አጭር ታሪክ

አንድ ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት ጊዜ በበሩ ገብተው፥ ተምረው የወጡትን ልጆቹን መቍጠሩ የተለመደ ነው። ሐኪም የሆነው፥ መምህር የሆነው፥ መሐንዲስ የሆነው ሁሉ በስም ይነሣል፤ ፎቶግራፉም በመጽሔቱ ላይ ይወጣል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ዳሩ ግን ታሪክን የሚማር ሰው ስለ ገቡት ብቻ ሳይሆን ስላልገቡትም መጠየቅ ይገባዋል። ከፍኖተ ሰላም፥ ከቡሬ፥ ከደምበጫና ከየገጠሩ ቀበሌ ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ አብረውን ያልመጡ የመንደራችን እኩዮች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የቀሩት በድህነት ወይም በመንገድ ርቀት አይደለም፤ አእምሯቸው እንደ ሌሎቹ ልጆች በጊዜው ስላላደገ «ይህስ አይማርም» ተብለው ነው።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው የታሪክ ትምህርት የምንወድ ተማሪዎች ነን። ማንንም ለመውቀስ አልተነሣንም። እነዚህ ወገኖቻችን ቀድሞ እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር፥ ሕግ ስለ እነርሱ ምን ይል እንደ ነበረና ዛሬ ምን እንደሚል፥ የተጀመረውም አገልግሎት እስከ ወዴት እንደ ደረሰ በቅደም ተከተል ለማሳየት እንሞክራለን። በመጨረሻም ከታሪኩ ያገኘነውን ምክር ለወላጆቻችን፥ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን እናቀርባለን።

ስለ ስሙ ጥቂት ቃል

በአማርኛችን ለእነዚህ ሰዎች የተሰጠው ስም ብዙ ነው። የሚንቃቸው ጅል፥ ቂል፥ ነፈዝ ይላቸዋል፤ የሚራራላቸው ደግሞ የዋህ ወይም የእግዜር በግ ይላቸዋል። በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ለብዙ ዘመን «የአእምሮ ዘገምተኛ» ሲባል ቆይቶ ዛሬ «የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት» በሚለው ተተክቷል። የስም መለወጥ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አንድን ልጅ ጅል ማለት በአንድ ቃል ዘግቶ መተው ነው፤ ውስንነት አለበት ማለት ግን የጎደለው ይህ ነው፥ የቀረው ደግሞ አለ ማለት ነው።

ሌላም መለየት የሚገባው ነገር አለ። የአእምሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ በጤና ባደገ ሰው ላይ ኋላ የሚመጣና በሕክምና ሊሻል የሚችል ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ግን ከልደት ወይም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ ነው። ልጁ አንገቱን ለማቅናት፥ ለመቀመጥ፥ ለመናገር፥ በራሱ እጅ ለመብላትና ለመልበስ ከእኩዮቹ ይዘገያል። ይዘገያል እንጂ ጨርሶ አይማርም ማለት አይደለም። ምክንያቱም አንድ አይደለም። ምጥ በዝቶ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው፥ የማጅራት ገትር በሽታ አንጎሉን ሲጎዳው፥ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት የሚያስፈልጋትን ምግብ ስታጣ ሊመጣ ይችላል። ዳውን ሲንድሮም የሚባለው ዐይነት ደግሞ ከተለመደው 46 ክሮሞዞም ይልቅ 47 ከመኖሩ የተነሣ መሆኑን ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዠንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ለዓለም አስታውቀዋል። ኦቲዝም የሚባለው በተለይ ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚነካ ሲሆን ከአእምሮ እድገት ውስንነት ጋር አብሮ ሊገኝም፥ ለብቻው ሊገኝም ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም በእናት ጥፋት ወይም በእርግማን የመጣ አይደለም።

የቀድሞው ኑሮ

የአባቶቻችንን ኑሮ ስንመረምር ሁሉንም ክፉ ነው ብለን መናገር አንችልም። እርሻ ባለበት ቤት እጅ አይተርፍም። አእምሮው የዘገየ ልጅ ከብት ከሚጠብቁት ልጆች ጋር ይወጣል፤ ውሃ ይቀዳል፤ እንጨትና ኩበት ይለቅማል፤ እህል ሲያሽት ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። ደቦ ሲወጣ ወይም ወንፈል ሲገባ እርሱም ከሰው ጋር አጭዶ፥ ከሰው ጋር በልቶ ያመሻል። ፈተና ወድቀሃል የሚለውም ሆነ የምስክር ወረቀት የሚጠይቀው አልነበረም። በዚህ መንገድ ብዙዎቹ የዘመድ ጥላ ሳይለያቸው ኖረው አልፈዋል። ይህን መልካም ልማድ ማስታወስ ይገባል፤ ወደ ኋላ ስለ አገልግሎት ስንናገር ይጠቅመናልና።

ዳሩ ግን ውስንነቱ የከበደበት ልጅ ዕድል እንዲህ አልነበረም። መናገር የማይችለው፥ አደጋን የማይለየው፥ ያለ ረዳት የማይንቀሳቀሰው ልጅ ቀኑን ሙሉ ጠባቂ ይፈልጋል። በመኸር ጊዜ ግን አባትም እናትም ታላላቆቹም ማሳ ላይ ናቸው። ቤት ውስጥ ምድጃ አለ፤ ከቤት ውጭ ወንዝና ገደል አለ። ስለዚህ በአገራችን በብዙ ቦታ እንደሚታወቀው ልጁን በጓዳ መዝጋት ወይም በገመድ ከምሰሶ ጋር ማሰር የቸገረው ወላጅ ያገኘው መፍትሔ ሆነ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሁሉ ጨካኝ ነው ብለን አንፈርድም፤ የወለደ አንጀት አይጨክንምና። ጠባቂ የሌለው ቤት ገመድን ጠባቂ አደረገ። ገመዱ ግን ልጁን ከእሳት ሲያድነው ከንግግር፥ ከጨዋታና ከመማር ጭምር ለየው።

በዚህም ላይ ሐሜት ነበረ። ልጁ የዘገየው በቤተ ሰቡ ኃጢአት ነው፥ ሰይጣን ለክፎት ነው ይባላል። ከሁሉ ይልቅ የምትወቀሰው እናቲቱ ናት፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደ ተባለው የትውልዱ ዕዳ ሁሉ ወደ እርስዋ ይዞራል። ልጁን ሰው እንዳያየው መደበቅም የቤትን ገመና መሸፈን ሆኖ ተቆጠረ። ብዙ ወላጆች መድኃኒት ፍለጋ ልጃቸውን ወደ ጠበል ይወስዳሉ፤ በሰከላ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ጠበል ከሩቅ አገር ሁሉ ሰው የሚመጣበት መሆኑ የታወቀ ነው። እምነታቸውን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ጠበል የሄደ ወላጅ ሲመለስ ልጁ እንዲናገር፥ እንዲለብስና እንዲታጠብ የሚያስተምርበትን ዘዴ የሚያሳየው ሰው በመንደሩ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም እዚህ ላይ መነሣት ይገባዋል። ጎጃም በቅኔ የታወቀ አገር ነው፤ ጎንጅ ቴዎድሮስን፥ ዋሸራንና ዲማ ጊዮርጊስን የማያውቅ የለም። ትምህርቱ በቃልና በጆሮ የሚተላለፍ ስለ ነበረ ዐይኑ የማያይ ተማሪ ከሚያይ ጓደኛው እኩል ተቀምጦ ይማር፥ ኋላም መምህር ሆኖ ወንበር ይዘረጋ ነበር። እንግዲህ የአካል ጉድለት ያለበትን ሰው በክብር ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ያ ትምህርት የሚመዝነው የማስታወስንና የማሰብን ፍጥነት ስለ ነበረ አእምሮው ለሚዘገይ ልጅ ቦታ አልነበረውም። ኋላ የመጣው ዘመናዊ ትምህርት ቤትም በዚህ ረገድ ከቅኔው ቤት ብዙ አልተለየም።

ጨውና እንቅርት

ውድ አንባቢ ሆይ፥ አሁን ወደ ጨው ታሪክ ስንሻገር ከርእሳችን የወጣን አይምሰልህ። በአገራችን የአእምሮን እድገት ከሚያጎድሉት ምክንያቶች መካከል ሊከላከሉት የሚቻለው አንዱ ከጨው ጋር የተያያዘ ነውና።

አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ለሰውነት የሚያስፈልገው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሆኖም ያ ጥቂቱ ሲጎድል በአንገት ላይ ያለው ዕጢ ያብጣል፤ እርሱም እንቅርት ይባላል። እንቅርቱ የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየውና የሚከፋው ግን በእናት ማሕፀን ያለው ሕፃን ላይ የሚደርሰው ነው፤ አዮዲን ያጣች እናት የምትወልደው ልጅ አንጎሉ ሳይጠና ሊወለድ ይችላል። ዝናብ በየዓመቱ አፈሩን የሚያጥበው ደጋ አገር አዮዲኑ ከአፈሩ ታጥቦ ስለሚሄድ በዚያ የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። የጎጃም ደጋ ዝናበኛና ተዳፋት አገር መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። እንቅርት በሕዝባችን ዘንድ የታወቀ ችግር ስለ ነበር «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ተተርቶበታል፤ ሴቶቻችን በአንገታቸው ላይ የሚነቀሱትም ንቅሳት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይመልሳል ተብሎ ጭምር ነበር።

በቀድሞ ዘመን ጨው ወደ ጎጃም ገበያዎች የሚመጣው በአሞሌ መልክ ከአፋር በረሓ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ነበር። አሞሌ የሚቀምሱት ብቻ ሳይሆን የሚገበያዩበትም ገንዘብ ነበር። ይሁን እንጂ እንቅርትን የሚከላከል አዮዲን አልነበረበትም። በ1973 ዓ.ም. አካባቢ በአገሪቱ ከ35,000 በላይ ተማሪዎች ተመርምረው ከመቶ 30 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው ታወቀ። ከዚያ በኋላ በአሰብ በሚመረተው ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ተጀመረ። ነገር ግን በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ያ ጨው ተቋረጠና አገሩ አዮዲን ወዳልተጨመረበት የአፋር ጨው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው ምርመራ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶ 40 ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው፤ በቂ አዮዲን ያለበት ጨው የሚጠቀመውም ቤት ከመቶ 5 አይሞላም ነበር። ሁለት መንግሥታት ሲዋጉ የተጎዳው በጦር ሜዳ የነበረው ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደውን ደንብ ቍጥር 204 አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአገር አቀፍ ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ 15 ያህል በሆኑ ቤቶች ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 89 ከፍ ብሏል፤ መጠኑ ግን በየቤቱ በቂ አልነበረም። ስዊስ የምትባለው ተራራማ አገር እ.ኤ.አ. በ1922 ጨውዋን በአዮዲን ማዘጋጀት ከጀመረች በኋላ በሸለቆዎችዋ ለብዙ ዘመን ይታይ የነበረው ከእንቅርት ጋር የሚመጣ የአእምሮ ጉዳት እየጠፋ ሄደ። የእነርሱም ተራራ፥ የእኛም ተራራ አንድ ዐይነት ችግር ነበረበት፤ መድኃኒቱም አንድ ነው።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እነዚህ ሰዎች በዝርዝር ከተናገሩት ሕጎች አንዱ ነው። ሕጉ የአእምሮ እድገቱ ያልተሟላውን፥ በአእምሮ ሕመም የተያዘውንና በእርጅና አእምሮው የደከመውን በአንድ ስያሜ አጠቃለላቸው። ዓላማው እነርሱን ከአታላዮች መጠበቅ ነበር። አንድ ክፉ ሰው የዋሁን ጎረቤቱን አስፈርሞ ርስቱን ቢወስድበት ውሉ እንዲፈርስ፥ ፍርድ ቤትም ሲያስፈልግ በእርሱ ስም የሚሠራ ጠባቂ እንዲሾምለት ደነገገ።

ከዚህ ሕግ ውስጥ በተለይ ለገጠር የተጻፈው 342ኛው ቍጥር እኛን አስደንቆናል። ነዋሪው ከ2,000 በታች በሆነበት ቦታ አንድ ሰው አእምሮው የጎደለ መሆኑ በግልጥ እንደ ታወቀ የሚቈጠረው ቤተ ሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁትና በዚሁ ምክንያት ወዲያ ወዲህ እንዳይል የከለከሉት እንደ ሆነ ነው ይላል። በከተማ የሆስፒታል መዝገብ ማስረጃ ይሆናል፤ በገጠር ግን ሆስፒታል ስለሌለ መከልከሉ ራሱ ማስረጃ ሆነ። ይህ ቍጥር የጎጃምን ቤት በትክክል አይቶ የተጻፈ ይመስላል። ነገር ግን የከለከለውን ገመድ ማን ይፍታው፥ ልጁንስ ማን ያስተምረው የሚለውን ጥያቄ አልመለሰም። ለንብረቱ ጠባቂ ሾመ፤ ለእድገቱ ግን አገልግሎት አላዘዘም።

በዚያው ዘመን ለሌሎች ጉዳተኞች በጎ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በሰበታ ለዐይነ ስውራን፥ በመካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1963 ዓ.ም. በትእዛዝ ቍጥር 70 የአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ትእዛዙም በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ለማሸነፍ ያልቻለንና ረዳት የሌለውን ሰው ይጨምር ነበር። በዚሁ ዓመት ማለቂያ ወዲህ፥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1971፥ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች መብት የሚገልጽ ማስታወቂያ አጸደቀ። ከዚያም ቀደም ብሎ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣችው ሕግ እነዚህ ሰዎች በተቻለ መጠን እንደ ማንኛውም ሰው እንዲኖሩ ደንግጋ ነበር። በዓለም ላይ ነገሩ ከምጽዋት ወደ መብት መዞር የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

በአብዮቱ ዘመን የነበሩት ጦርነቶች ብዙ ወጣቶችን አካለ ጎደሎ ስላደረጉ የመንግሥት ሐሳብ በይበልጥ ወደ እነርሱ አዘነበለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ ሩቅ መንደር ድረስ ደርሶ ገበሬውን ከነቤተ ሰቡ ፊደል አስቈጠረ፤ ለአገራችን ታላቅ ክብር ያስገኘም ነበር። ይሁን እንጂ ዘመቻው የታቀደው በጥቂት ወራት ማንበብ ለሚችል ሰው ነበር። ፊደል ከመቍጠሩ በፊት ማንኪያ መያዝ መማር ለሚያስፈልገው ልጅ ሌላ ዐይነት ትዕግሥትና ሌላ ዐይነት መምህር ያሻ ነበር።

የወላጆች መነሣት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጉዳተኞች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ጥረት እንደሚደረግ ገለጸ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ አዘዘ። እነዚህ ቃላት ከወረቀት ወደ ሥራ እንዲወርዱ ከሁሉ በፊት የተነሡት ግን ወላጆች ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። በአዲስ አበባ በኮከበ ጽባሕ ትምህርት ቤት የተከፈተው ልዩ ክፍልም ለእነዚህ ልጆች በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቦታ መስጠት እንደሚቻል አሳየ።

ከወላጆቹ መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በይበልጥ ታውቃለች። ኦቲዝም ያለበትን ልጅዋን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስላጣች እ.ኤ.አ. በ2002 በጥቂት ልጆች ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈተች። በራዲዮና በቴሌቪዥን ቀርባ የልጅዋን ሁኔታ ሳታፍር ተናገረች። ለማንበብና ለመናገር ለሚቸገሩ ልጆችም በፊደላችን ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የሚባል የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጀች። በ2013 ዓ.ም. ብታርፍም የከፈተችው በር አልተዘጋም። ከእርስዋ በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልና ሌሎችም ተከትለዋል። አንዲት እናት ገመናዬ ነው ከማለት ይልቅ መብቱ ነው ብላ አደባባይ ስትወጣ በየጓዳው ያሉ ሌሎች እናቶች ብቻቸውን አለመሆናቸውን አወቁ።

ከዚያ በኋላ ሕጉም ተከታተለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 ሥራ የመሥራት ችሎታ ያለውን ሰው በጉዳቱ ምክንያት ማግለልን ከለከለ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቍጥር 676 የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀበለች። ስምምነቱ እያንዳንዱ ሰው በሕግ ፊት እንደ ሰው እንዲታወቅ፥ ከሌሎች ጋር አብሮ እንዲማርና በሚኖርበት ማኅበር ውስጥ እርዳታ እያገኘ እንዲኖር ያዛል። በሕገ መንግሥታችን መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገር ሕግ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የስምምነቱ ኮሚቴ በጄኔቭ የኢትዮጵያን ዘገባ ሲመረምር በሌላ ሰው ምትክ ከመወሰን ይልቅ ሰውየው ራሱ እንዲወስን የሚያግዝ ሥርዓት እንዲዘረጋ አሳስቧል። ይኸውም የ1952ቱን አስተሳሰብ በቀጥታ የሚነካ ነው፤ ለየዋሁ ሰው የሚያስብለት ብቻ ሳይሆን አስረድቶ የሚያማክረው ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነውና።

በእኛ አገር ምን ቀረ?

እስካሁን እንዳየነው ሕጉ ከጓዳ ወደ አደባባይ ወጥቷል። አገልግሎቱ ግን በብዛት የቆመው በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም አስፋልት ወርዶ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር ለሚሄድ ወላጅ በአዲስ አበባ ያለ ማዕከል በሌላ አገር እንዳለ ያህል ነው።

የመጀመሪያው ችግር አለመቈጠር ነው። በ1986ቱ የሕዝብ ቈጠራ ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ 2 አይሞላም ነበር። በ1999ኙ ቈጠራ ደግሞ 864,218 ሰው ብቻ፥ ማለትም ከመቶ 1.17 ተመዘገበ። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ ግን በዓለም ሕዝብ ውስጥ የጉዳተኛው ቍጥር ከመቶ 15 ያህል ነው። አገራችን ከዓለም ሁሉ ይልቅ ጤነኛ ስለሆነች አይደለም፤ ቈጣሪው በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ ጓዳ ያለው ልጅ ስላልተነገረ ጭምር ነው። ያልተቈጠረ ልጅ ደግሞ ወንበርም መምህርም በጀትም አይታቀድለትም።

ሁለተኛው በቅርብ የሚያስተምር ሰው ማጣት ነው። ለዚህ ግን መንገዱ ተገኝቷል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል፤ ቤት ለቤት ስለሚዞሩም ጓዳውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እነዚህ ሠራተኞች ስለ ልጆች አእምሮ እድገት ሲሠለጥኑ አመለካከታቸው እንደሚሻሻል አሳይተዋል። በክልላችንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ የተሐድሶ ሥራ በገጠር ይሠራል። ይህ ዐይነቱ ሥራ ትልቅ ሕንፃ አይጠይቅም። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይሄድና ከእናቲቱ ጋር ተቀምጦ አንዱን ተግባር በትንንሽ ደረጃ ይከፋፍለዋል። ልጁ እጁን መታጠብ የሚማር ከሆነ በመጀመሪያ ውሃው ሲፈስ እጁን መዘርጋት፥ ቀጥሎ ሳሙናውን መያዝ፥ ቀጥሎ ማሸት ይማራል። አንዱን ሳይለምድ ወደ ሁለተኛው አይሻገርም። ለመቆም የሚቸገር ልጅ በግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፍ እንጨት በተሠራ መደገፊያ መራመድ ይለማመዳል። በጥቂት ወራት በራሱ የሚበላና የሚለብስ ልጅ ሲታይ ጎረቤቱም «አይማርም» ማለቱን ይተዋል።

ሦስተኛው ሰላም ማጣት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ጤና ጣቢያዎችም ተጎድተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁላችንም እንጎዳለን፤ ነገር ግን ጐበዙ ተማሪ በሩ ሲከፈት ካቆመበት ይቀጥላል። አንድን ቃል ለመናገር ዓመት የፈጀበት ልጅ ግን ልምምዱ ሲቋረጥ ያገኘውን ሊያጣው ይችላል። መሮጥ ለማይችል ልጅ እናት ሽሽቱም ከማንም ሰው የከበደ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ታሪኩ የሚያስተምረን ሕግ ብቻውን ጓዳ እንደማይገባ ነው። የሚገባው ጎረቤት፥ መምህርና የቀበሌ የጤና ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ለወላጆቻችን የምንለው ይህ ነው። ልጃችሁ ቢዘገይ አትደብቁት፤ ቈጣሪ ሲመጣ ንገሩ፤ ጤና ኬላ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ። ነፍሰ ጡር እናት ክትትልዋን አታቋርጥ፤ በጤና ተቋምም ትውለድ። አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ ከፀሐይና ከምድጃ አርቃችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ለእድርና ለማኅበር መሪዎችም የምናሳስበው አለ። አባቶቻችን በወንፈል ማሳ እየተራረፉ አርሰዋል። አንድ ቀን ለእኔ፥ አንድ ቀን ለአንተ የሚለው ይህ ሥርዓት ልጅን ለመጠበቅ የማይሆንበት ምክንያት የለም። በሳምንት አንድ ቀን ጎረቤት ልጁን ቢይዝላት እናቲቱ ገበያ ትሄዳለች፤ ልጁም ከሌላ ቤት ልጆች ጋር ይጫወታል፤ ገመዱም ይፈታል። የዘገየው ልጅ ከወላጁ ሞት በኋላ መሬቱን እንዳይቀማ መጠበቅም የእድር ሽማግሌዎች ተግባር ሊሆን ይችላል።

መምህራኖቻችን ደግሞ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ልዩ ክፍል እንኳ እንዲከፈትና የሠለጠነ መምህር እንዲመደብለት ድምፃቸውን እንዲያሰሙ እንለምናለን። ቀጣሪዎችም አዋጁን ያስታውሱ። በቡሬ በተቋቋመው የግብርና ውጤቶች ማቀነባበሪያ ፓርክ መልቀምን፥ መደርደርንና ማሸግን የመሰለ ሥራ ይኖራል፤ እንዲህ ያለውን በየቀኑ የሚደጋገም ሥራ አንድ ጊዜ ከለመደው በኋላ በታማኝነት የሚሠራ ሰው በመንደራችን ሞልቷል።

ለእኛ ለተማሪዎች የቀረው ቀላል ነው፤ ግን እንደ ቀላል አይታይ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1950ዎቹ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። እኛ ወደ ገጠር መውጣት አያስፈልገንም፤ ቅዳሜና እሑድ፥ በክረምትም የምንመለሰው ወደዚያው ነው። ከየመንደራችን ያልመጣውን ልጅ በስሙ እናውቀዋለን። ጅል ብለን ከመሳቅ ይልቅ ከቤቱ አውጥተን ከእኛ ጋር ብናስቀምጠው፥ የጤና ሠራተኛዋን ወደ ቤቱ ብንመራት፥ ወላጆቹንም አዋጁ ምን እንደሚል ብናስረዳቸው የታሪክ ትምህርታችን ከደብተር ወጥቶ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ትምህርት ቤታችን ወደ ፊት ብዙ የምሥረታ በዓላት እንዲያከብር እንመኛለን። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎችም በሩን አልፈው የገቡትን ሲቈጥሩ «አይማርም» ተብሎ የነበረው የመንደራችን ልጅ ከነስሙ ከመካከላቸው እንዲገኝ ዛሬውኑ ሥራውን እንጀምር።